የቤቱ ሰው ይስማ

በእኛ ሥራ «ተቀይሯል» የሚባል ቃል አለ። ቃሉን የማያውቀው የለም፤ ልብስ ይቀየራል፣ ጎማ ይቀየራል፣ ባልም ይቀየራል። እኔ የምለው ግን በር ላይ ተቁሞ፣ መፍቻ በእጅ ተይዞ የሚባለውን ነው። ቁጥር እየተጫነ የሚከፈተውን በር እገጥማለሁ፣ እጠግናለሁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኮዱን እቀይራለሁ። ሰፈሩ «ሽቦ» ይለኛል። ስለምቀጥን ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ስለምወጋም ነው።

ሰው ኮዱን ለምን እንደሚያስቀይር ብታዩ፣ የሰውን ጉድ ሁሉ በዚያች አንዲት ቃል ትጨርሱታላችሁ። መሥሪያ ቤት አለቃውን ሲያባርር ይጠሩኛል። በማግስቱ ሰውዬው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲመጣ፣ ጥበቃው «ተቀይሯል ጌታዬ» የሚለው የራሱን ጫማ እያየ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ይጠሩኛል፤ ያኔ ቃሉ የሚወጣው በጥርስ መሃል ነው። ሠራተኛ ያባረሩ እመቤት በሹክሹክታ ይሉታል፣ እንደ ሐሜት። ሙሽሮች ደግሞ እየተሳሳቁ ይሉታል፤ የተጋቡበትን ቀን ቁጥር ያደርጉትና ሌባ በፍጹም አይገምተውም ብለው ያምናሉ። ምስኪኖች!

ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደንብ የሚወድ ሰው ነበር። ኮድ ከቀየረ በኋላ በሩን ይዘጋና ከውስጥ ቆሞ «ተቀይሯል! የቤቱ ሰው ይስማ!» ብሎ ይጮሃል። ቤተሰቡ ይሰበሰባል። ባለቤቱ አዲሱን ቁጥር ይናገራል፤ እያንዳንዱ «ሰምቻለሁ» ይላል። እኛ ቁጥሩን ሰምተን እንዳልሰማን እንሆናለን፣ እንጀራችን እሱ ነው። ከቤቱ ሰው አንድ እንኳ ከጎደለ አባቴ ዕቃውን አይሰበስብም። ተደውሎለት፣ ተፈልጎ፣ «ሰምቻለሁ» ማለት አለበት። «ሳይነገረው የቀረ የቤት ሰው በገዛ ቤቱ ሌባ ይሆናል» ይላል። ደንበኛው መጀመሪያ ይስቃል፤ በኋላ ግን ሁሉም ይወደው ነበር።

እኔም ባሌን ያባረርኩ ጊዜ ኮዴን የቀየረልኝ እሱ ነው። ያን ቀን እንደ ልማዱ በሩን ዘጋና «ተቀይሯል! የቤቱ ሰው ይስማ!» አለ። የቤቱ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ቁጥሩን ተናገርኩ፤ ራሴው «ሰምቻለሁ» አልኩ። ግማሹ ዕቃ የወጣበት ቤት ድምፄን መልሶ ሲያሰማኝ ጊዜ ሆድ ባሰኝ፣ እዚያው ቆሜ ተንሰቀሰቅኩ። አባቴ መፍቻውን መሬት አስቀመጠና በዚያ በጎርናና ድምፁ «ሰምቻለሁ» አለ።

«አንተ ደግሞ የዚህ ቤት ሰው ነህ እንዴ?» አልኩት እንባዬን እየጠረግኩ።

«ታዲያ ብቻሽን ትሰሚያለሽ?» አለኝ።

እንዲህ ነበር አባቴ። ከጥቂት ወራት በፊት ሱቃችን ውስጥ፣ የተፈታ ቁልፍ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ልቡ ቀጥ አለ። ቁልፉን እንኳ አልጣለውም።

በእኛ ሱቅ ለሞት ኮድ አይቀየርም። ይህም የአባቴ ደንብ ነው። ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ሲመጡ በትሕትና ይመልሳቸው ነበር። «ለሞተ ሰው አይቀየርም። ራሱ ይረሳዋል» ይላቸዋል። ስለዚህ የእናቴን በር አልነካነውም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ቤት ናት። በሩን ስትከፍቱ ኮሪደር አለ፣ የጫማ መደርደሪያ አለ፣ መደርደሪያው ላይ የአባቴ የቤት ጫማ አለ። እሱንም አልነካነውም።

አንድ ቀን እህቴ ደወለች። እህቴ ነርስ ናት፤ ከእኔ ትበልጣለች፣ እትዬ ነው የምላት። ሰው ሲሞትም ሲወለድም አንድ ዓይነት ድምፅ ነው ያላት።

«እማዬ አባዬ ይመጣል እያለች ነው» አለችኝ።

«የት ነው የሚመጣው?»

«ቤት ነዋ። ከሰዓት በኋላ ኮዱን ተጭኖ ይገባል አለችኝ።»

«እርጅና ነዋ እትዬ፣ አንቺ ትነግሪኛለሽ እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ።»

«እርጅና ነው ብያለሁ እኔም። ግን ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው እየገባ ቢሆንስ? ዕቃ አቀባይ፣ ጎረቤት፣ ምናምን። ሄደሽ ቀይሪላት። ምን ይጎዳሻል?»

ሄድኩ። የበሩ ቁጥሮች ላይ ጥቁር አሻራ አየሁ። አባቴ ቁልፍ ውስጥ ዘይት አያስገባም ነበር፤ ዘይት አቧራ ይጠራል ይላል። እርሳስ ውስጥ ያለውን ጥቁር ነገር ፈጭቶ ዱቄቱን ነው የሚነፋበት። እኔም እንደሱ ነው የምሠራው፤ በሱቃችን ዘይት የሚባል ነገር የለም። ዱቄቱ ደግሞ ጣት ላይ ገብቶ ይቀራል። ሲገነዝም ከጣቱ አልለቀቀም። የድሮ አሻራ ነው ብዬ በነጭ ጨርቅ እስኪያብረቀርቅ ወለወልኩት።

ኮዱን ቀየርኩ። በሩን ዘጋሁ። ልማድ ክፉ ነው፣ ሳላስበው አፌን ከፍቼ «ተቀይሯል! የቤቱ ሰው ይስማ!» አልኩና ቁጥሩን ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«ሰምቻለሁ» አለች እናቴ ከሳሎን።

ከጫማ መደርደሪያው አካባቢ፣ ከጀርባዬ፣ ዝቅ ብሎ «ሰምቻለሁ» የሚል ሌላ ድምፅ መጣ።

ዞር አልኩ። ማንም የለም። የጎረቤት ቴሌቪዥን ነው አልኩ። ሰው ጆሮውን ከሚያምን ግድግዳውን ቢያማ ይቀለዋል። ዕቃዬን ሰብስቤ ሄድኩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ይዤ ብቅ ስል ክው ብዬ ቀረሁ። የወለወልኩት ቁጥር ላይ ጥቁር አሻራ አለ። በሁሉም ቁጥር ላይ ቢሆን ግድ የለም፤ ያለው በአዲሶቹ ላይ ብቻ ነው። ሌሎቹ ትናንት እንደተውኳቸው ያብረቀርቃሉ። ገባሁ። የአባቴ የቤት ጫማ መደርደሪያው ላይ የለም። ሳሎኑ በር ላይ፣ አፍንጫው ወደ ውስጥ ዞሮ ተቀምጧል።

እናቴ ሶፋው ላይ ሆና የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። ደህና ናት፣ ፈገግ ትላለች፣ ግን ጉንጯ ገባ ብሏል።

«እማዬ፣ ማን መጥቶ ነበር?»

«አባትሽ ነዋ።»

«ኮዱ ተቀይሯል እኮ!»

«ነግረሽው የለ እንዴ?» አለች፣ እንደ ደደብ እያየችኝ። «ሰምቻለሁ ሲልሽ እኔም ሰምቼዋለሁ።»

አጠገቧ ዘጭ አልኩ። «መጥቶ ምን ያደርጋል?»

«ምን ያደርጋል ይቀመጣል እንጂ። ድሮም ወሬኛ አልነበረም።» መርፌውን አቆመች። «መንገዱ ረጅም ነው ይለኛል። ሰው የለበትም። ድምፅ እንኳ የለበትም አለኝ። አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት፤ ምን ላድርግ፣ አሳዘነኛ። ይኸው ልብሴን እያሰናዳሁ ነው።»

መርፌ የያዘችበትን እጅ ሳብ አደረግኩ። አንጓዋ ላይ የጣት ቅርጽ ያለው ጥቁር ነገር ዙሪያውን ታትሟል። ሰው ሰውን መንገድ ሲያሻግር እንደሚይዘው። በሳሙና አሸሁት፤ አልለቀቀም።

ማታውኑ እትዬን ጠራኋት። የደም ግፊት መለኪያዋን አመጣች፣ ለካች፣ ደገመች፣ ከንፈሯን ነከሰች። «ወርዷል» አለች ኮሪደር ውስጥ። «ባለፈውም ወርዶ ነበር፤ አሁን ደግሞ ከዚያም ወርዷል። በሽታ የለባትም እኮ። ሁሉን አስመርምሬያታለሁ። ዝም ብላ እየሄደች ነው።»

አያችሁ፣ እኔ ሰይጣን መጣ፣ መንፈስ መጣ ብዬ የምሮጥ ሰው አይደለሁም። ግን እናቴ እየሄደች ነው። በሩም የኔ ሥራ ነው።

እንደገና ቀየርኩት። አሁን አልጮኽኩም፤ አብጄ ነው እንዴ የምጮኸው! አፌን እናቴ ጆሮ ላይ ለጥፌ፣ ለራሴ እንኳ በማይሰማ ድምፅ ቁጥሩን ነገርኳት። «ሰምቻለሁ» አለችኝ፣ እሷም በሹክሹክታ፣ እንደ ልጅ እየሳቀች።

በሚቀጥለው ቀን ስመጣ የቤት ጫማው መኝታ ቤቷ በር ላይ ነው። እጀታው ላይ ጥቁር አሻራ። እሷ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ጣሪያ ታያለች።

«ሞት ይርሳኝ!» አለች ስታየኝ። «ልነግርሽ ረስቼ፤ አዲሱን ቁጥር ነገርኩት።»

«እማዬ! ለምን?»

«በሩ ሥር ቆሞ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው? የቤቱ ሰው አይደለም እንዴ? ዕድሜ ልኩን ለሰው ሲያሰማ ኖሮ እሱ ሳይሰማ ይቅር?»

«ታዲያ ቁጥሩን ከምትነግሪው ለምን ከውስጥ አትከፍቺለትም?» አልኩ ደሜ ፈልቶ። አሽሙር መሆኑ ነበር።

«ብዬው ነበር» አለች ከልቧ። «እምቢ አለ። ሰው በገዛ ቤቱ አይከፈትለትም አለኝ። አታውቂውም ጠባዩን?»

አውቀዋለሁ። በሕይወቱ በራችንን አንኳኩቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ጣቱን ዲሪል በልቶት፣ ደሙ እየተንጠባጠበ፣ እናቴ ከውስጥ «ልክፈትልህ» ብትለው «ተይ» ብሎ በታጠፈ ጣቱ አንጓ ቁጥሩን ተጭኖ ነው የገባው። ከዚያ ወዲህ በአንጓው ነው የሚጫነው። ሁለቱን ቁጥር ቶሎ ቶሎ፣ ቆም ይልና፣ ሌሎቹን ቀስ ብሎ። ከሳሎን ሆነን በአጫጫኑ እናውቀው ነበር።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ለእናት አይተረትም እንጂ ልተርትባት ምንም አልቀረኝም ነበር። እትዬ ከሥራ መጣች፣ የእናቴን እጅ ገልጣ አየች። አሁን አሻራው ክርኗ ድረስ ወጥቷል። የነርሷ እህቴ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀየረ።

«ቀይሪው» አለችኝ። «ለማንም አትንገሪ። ለእሷም፣ ለእኔም።»

«እትዬ፣ የአባዬ ደንብ...»

«የአባዬ ደንብ ነው የሚገድላት!» አለችና ዞር ብላ አለቀሰች።

ቀየርኩት። በሩን ዘግቼ ቆምኩ፤ አፌ ሊከፈት ሲል በእጄ ያዝኩት። ዕቃዬን ሳላሰማ ስሰበስብ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። መፍቻዎቼን ቦርሳ ውስጥ ስከት እንደ ሰረቅኩ ነበር የተሰማኝ። በማግስቱ ሱቁን ዘግቼ ከእናቴ ጋር ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በኮሪደሩ መስኮት ገብታ የበሩን ግማሽ ታሞቃለች። እናቴ ካፖርቷን ለብሳለች። የውጭ ጫማዋን አድርጋለች። የልብስ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ኮሪደር ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ነይ ሻይ ጠጪ ብላት እምቢ አለች። እኔ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ደረጃው ላይ የሰው ኮቴ አልሰማሁም። ዝም ብሎ ቁጥሩ ጮኸ።

ጢጥ፣ ጢጥ። ቆም አለ። ጢጥ። ጢጥ።

አጫጫኑ የሱ ነው። በሩ ረጅሙን የስሕተት ድምፅ አሰማ። እንደገና፣ ሁለቱን ቶሎ ቶሎ፣ ቆም፣ ሌሎቹን ቀስ ብሎ። እንደገና ስሕተት። ስሕተት ሲደጋገም በሩ ይሰለቸውና ለጥቂት ጊዜ ቁጥር አይቀበልም፤ እምቢ አለ። ውጭ ያለው ጠበቀ። አውቃለሁ፣ እስኪቀበል መጠበቅ እንደሚገባ እሱ ነው ያስተማረኝ። መቀበል ሲጀምር እሱም እንደገና ጀመረ።

«ተሳስቷል» አለች እናቴ። «ንገሪው።»

«አልነግረውም።»

«ልጄ፣ ውጭ የቆመው አባትሽ ነው!»

«አውቃለሁ እማዬ! አውቃለሁ ማን እንደሆነ!» ጮኽኩባት። በእናቴ ላይ እንዲያ ጮኼ አላውቅም።

ተነሳች። ቦርሳዋን አንጠለጠለች። ያቺ ትናንት ከአልጋ መነሳት ያቃታት ሴት በላዬ ተሻግራ የበሩን እጀታ ጨበጠች። «እሱ ካልገባ እኔ እወጣለሁ» አለች። ከውስጥ ለመውጣት ኮድ አያስፈልግም። እጇን በሁለት እጄ ያዝኩ። እጇ በረዶ ነው፣ ጉልበቱም የእሷ ጉልበት አልነበረም። እጀታው ቀስ እያለ ወረደ። በተከፈተችው ቀጭን ክፍተት የእርሳስ ዱቄት ሽታ ገባ፤ የሱቃችን ሽታ።

«ሽቦዬ» አለ ድምፁ።

ሽቦዬ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። በሩን በትከሻዬ መልሼ ገጠምኩት።

«አቤት አባዬ።»

«ተቀይሯል?»

ያንን ቃል ሲሉት ያየኋቸው ሰዎች ሁሉ ትዝ አሉኝ። ጫማውን እያየ የሚለው ጥበቃ፣ በጥርሷ መሃል የምትለው ሚስት፣ የሚያንሾካሽኩት እመቤት። ለአባት እንዴት እንደሚባል ግን አንድም ቦታ አላየሁም።

«ተቀይሯል፣ አባዬ።»

«እኔ አልሰማሁም» አለ። ቁጣ የለውም፤ ሙያ ሲያስተምረኝ በነበረው ድምፅ ነው። «የቤቱ ሰው ሁሉ ሳይሰማ ዕቃ አይሰበሰብም። ረሳሽው?»

«አልረሳሁም።» አሁን እያለቀስኩ ነው። «አባዬ፣ ላንተ አይነገርም። ይህ ቤት ላንተ አይነገርም።»

ከውጭ አንድ ነገር በሩን በቀስታ ነካው። ግንባሩ ነበር። ቁልፍ እምቢ ሲለው ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ውስጡን ያዳምጥ ነበር፤ ደግ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ። ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። እናቴ እጀታውን ይዛ ትንሰቀሰቃለች።

«ታዲያ የት ልግባ?» አለ በመጨረሻ።

ይህን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? አባቴ ሰው የሚያከብረው፣ የከተማውን በር ሁሉ የሚከፍት ሰው ነበር። እንደ ጠፋ ልጅ ነው ያለው። «ሰው የለበትም እኮ መንገዱ» አለ። «ብቻዬን ነው የምሰማው።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። አሰብኩበት ብል ውሸት ነው። የእናቴ እጅ በእጄ ውስጥ እየቀለለ ሲሄድ ይሰማኝ ነበር፤ አፌ ራሱ ነው የተናገረው።

«አባዬ» አልኩት። «የኔ ቤት አልተቀየረም።»

ግንባሩ ከበሩ ላይ ሲነሳ ሰማሁት።

«ሰምቻለሁ» አለ።

የእናቴ እጅ ከእጀታው ላይ ወደቀ። ደረጃው ላይ የቤት ጫማ እየተንሸራተተ ወረደ፤ ሸርተት፣ ሸርተት፣ እየራቀ። እናቴን ወንበሯ ላይ አስቀምጬ መኝታ ቤቷ በር ላይ ሄጄ አየሁ። እዚያ የነበረው ጫማ የለም።

ያን ቀን ሳይመሽ እናቴ ካፖርቷን አውልቃ «ኧረ ሙቀቱ! ማነው ይህን ያለበሰኝ?» አለች። ሻይ ጠየቀች። ዳቦ በላች፣ ጨመረች። እትዬ መጥታ ለካቻት፤ ማመን አቅቷት መሣሪያውን በራሷ ክንድ ላይ ሞከረችው። በሳምንቱ የክንዷ ጥቁረት ለቀቀ፤ አንጓዋ ላይ የነበረውም በተራ ሳሙና ተጠረገ። ስለ አባቴ አንድ ቀን ብቻ ጠየቀችኝ፣ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች።

«ያ ሰውዬ የት ቀረ?»

«ሥራ ላይ ነው» አልኳት።

«እሱ ደግሞ ሥራ ካገኘ!» አለችና ሳቀች።

ከዚያ በደንቡ አደረግኩት። በሩን ዘግቼ «ተቀይሯል! የቤቱ ሰው ይስማ!» አልኩና ቁጥሩን ተናገርኩ። እናቴ «ሰምቻለሁ» አለች። እትዬ «ሰምቻለሁ» አለች። ወደ ጫማ መደርደሪያው ዞሬ አዳመጥኩ። ምንም የለም። እትዬ አቀፈችኝ፤ የኔ ዓይን ግን ባዶው መደርደሪያ ላይ ነበር።

የኔን ቤት ቁጥር አልነግራችሁም፣ ለቁልፍ ሠሪ ልጅ ነውር ነው። ከሥራ ስመለስ ግን አሻራው አለ፤ በትክክለኛዎቹ ላይ ብቻ። የቤት ጫማው መጀመሪያ በሩ ሥር ነበር። ከዚያ ወጥ ቤቱ በር ላይ። አሁን ከወንበሬ ፊት ለፊት ነው። ከሰዓት በኋላ ቤት ከዋልኩ ጢጥ ጢጥ ሲል እሰማዋለሁ፤ ይገባል፣ ይቀመጣል። ስለ መንገዱ ያወራኛል። እፈራዋለሁ፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ጥርሴ እስኪንገጫገጭ እፈራዋለሁ። ሲሄድ ደግሞ ቤቱ ይሰፋብኛል።

ትናንት እትዬ ሱቅ መጣች። ተቀመጪ ብላ ሳትጠይቀኝ የደም ግፊቴን ለካች፤ ደግማ ለካች። ልብሴ ምን ያህል እንደሰፋኝ አየች።

«ያንቺን ቤት ኮድ ቀይሪው» አለችኝ።

«ምን ሆኖ?»

«ሽቦ! አትቀልጂብኝ። ዛሬውኑ ቀይሪው። አብሬሽ እመጣለሁ፣ በሩ ላይ እኔ እነግረዋለሁ። አንቺ አትናገሪ፣ እኔ ልናገር።»

«እሺ» አልኳት። «ሰሞኑን።»

መፍቻው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሥራው የአንድ ሻይ ያህል ጊዜ አይፈጅም። ግን ብቻዬን እንዳልሰማ ብሎ መፍቻውን መሬት ያስቀመጠን ሰው፣ አሁን ብቻህን ስማ ልበለው?

እትዬ ስትሄድ እጄን ጨበጠችና እጅጌዬን ወደ ላይ ሳበችው። አንጓዬን ዙሪያውን አየችው።

«ምንድነው ይሄ?»

«ዘይት ነው» አልኳት።

እጅጌዬን መልሳ ሸፈነችልኝ። በዚህ ሱቅ ዘይት እንደማይገባ እሷም ታውቃለች።